ሦስተኛው ክፍል

በስምንት ዓመቴ አያቴ እንደ ሕፃን ጥርስ እያበቀለ ነው ብዬ አምን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ አይቼ ነው።

ቤታችን ሦስት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው እንግዳ ይቀመጣል፤ የእናቴም ጠረጴዛ እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። በሁለተኛው እኔና እናቴ እንተኛለን። ሦስተኛው የአያቴ፣ የእናቴ አባት ክፍል ነበር። ቤቱ ተሠርቶ ካበቃ ከብዙ ዓመት በኋላ ከጀርባ በቆርቆሮ የተቀጠለ ስለሆነ መስኮት የለውም፤ በሩም የሚከፈተው ወደ ጓሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም። አያቴ ግን ዝናብ መምጣቱን የሚያውቀው እኛ የተሰጣ ልብስ ለማንሳት ስንሯሯጥ ሲያይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በሽመና ማሽኖች መሃል ሲሠራ ኖሮ ጆሮውን እዚያው ትቶት መጥቷል።

አባቴን አላውቀውም፤ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ከአያቴ ጋር የምናወራው በደብተር ነው። እናቴ ትጽፋለች፤ እሱ ያነብና በአፉ ይመልሳል፣ ያውም ለሰፈሩ ሁሉ በሚበቃ ድምፅ። እኔ ትምህርት ቤት የለመድኩትን ቁጭ ቁጭ ያለ ፊደል እንጂ የእናቴን የሚሮጥ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም ነበር። ስለዚህ በቤታችን ከሚነገረው ነገር ሁልጊዜ የሚደርሰኝ ግማሹ ነው፤ የአያቴ ግማሽ። የቀረውን ከራሴ እሞላው ነበር። አሁን እነዚያ ደብተሮች፣ አሥራ ዘጠኙም፣ እኔ ጋ ናቸው። ያኔ የሞላሁት ምን ያህል እንደሳተ ያየሁት ከእነሱ ነው።

እናቴ በከተማው ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ትጫወት ነበር። ቪዮላ ቫዮሊን የሚመስል፣ ግን ገዘፍ ያለ፣ ድምፁም ወፈር ያለ መሣሪያ ነው። አንድ ቀን አስተማሪያችን ታማ ቀድመን ተለቀቅንና በጓሮ በኩል ስገባ፣ ከአያቴ ክፍል እንደ መርፌ የቀጠነ ድምፅ ሲወጣ ሰማሁ። በላዩ ላይ አያቴ ይጮኻል። «ከፍ አድርጊው… ገና ነው… አሁን አለፍሽው፣ ተመለሽ።»

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። አያቴ አልጋው ጫፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። እናቴ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ቪዮላዋን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ ቀስቱን ትስባለች። የቪዮላው ጠምዛዛ ራስ ግን ያለው አያቴ አፍ ውስጥ ነው። ነክሶታል። አገጩ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቁ በእንጨቱ ላይ ይወርዳል፤ እናቴ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትጫወታለች። ሲናገር ብቻ አፉን ያላቅቃል፤ «ተመለሽ» ብሎ ወዲያው እንደገና ይነክሳል።

የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ በዚያ ሰሞን ጥርስ ያበቅል ነበር፤ ማንኪያም ይሁን ጫማ ወይም የእኔ ጣት፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ሰፊዋ ራሷ ስለ አያቴ ስታወራ፣ የእናንተ ሽማግሌ ዘንድሮስ ሕፃን ሆነዋል ስትል ሰምቻለሁ። ሁለቱን ደመርኩ። በማግስቱ ከምሳዬ የደረቀ የዳቦ ቅርፊት አስቀርቼ ወሰድኩለትና፣ እዚህ ላይ ንከስ ብዬ በምልክት አሳየሁት። ቅርፊቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ስቆ ቅርፊቱን በላው። «አይ ወሬኛዬ» አለኝ። እሱ ዘንድ ስሜ ያ ነበር፤ ጆሮ ለሌለው ሰው ቀኑን ሙሉ ስለማወራ።

ዛሬ ሥራዬ የሰው ጆሮ መለካት ነው። በቀን አሥር አሥራ አምስት ሰው ፊቴ ይቀመጣል። ከጆሮው ጀርባ አጥንቱ ላይ ትንሽ የምትንቀጠቀጥ ነገር አስደግፌ «ይሰማዎታል?» እላለሁ። የአያቴን ጆሮ ፋብሪካው ብቻውን አልወሰደውም፤ በልጅነቱ ሲመግል የኖረ ጆሮ ነበር። በአየር የሚመጣው ድምፅ መንገዱ ተዘግቶ፣ በአጥንት የሚመጣው ግን ጥቂት ቀርቶለት ነበር። ያንን እናቴ ከየት እንዳወቀችው እንጃ። ሐኪም ሳይነግራት፣ መጽሐፍ ሳታገላብጥ፣ ጥርሱን የጆሮው በር አደረገችው። ይህን ያደረገችው ደግሞ እሱን ለማዳን አልነበረም። አያቴ ጆሮ ውስጥ ማሽኖቹ ከቆሙ በኋላም ያልቆመ ፉጨት ነበር፤ ሲበላም ሲተኛም አብሮት አለ። እሷ የምትፈልገው ያንን ፉጨት ነው። ገመዱ ላይ የት እንዳለ በጣቷ ትፈልገዋለች፤ ከእሱ ፉጨት ጋር ሲገጥም «እሱ ነው» ይላታል፤ እሷ በኖታ ትጽፈዋለች።

የኦርኬስትራው መሪ ቤታችን የመጣው አያቴ ቪዮላውን ሲነክስ ባየሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ረጅም ሰው ነበር፤ ሲናገር እጆቹ አያርፉም፣ የሚመራበትን ዱላ ቤቱ ረስቶ የመጣ ይመስላል። የአዳራሹ ጣሪያ ታድሶ እንደገና ሲከፈት የሚቀርብ አዲስ የሙዚቃ ሥራ እንድትጽፍ እናቴን የጠየቃት እሱ ራሱ ነው። ይወዳት ነበር፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን እኔን ወደ ሁለተኛው ክፍል ሲያስገቡኝ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የሰማሁት ሁሉ ስለ ቤታችን የሚወራ መሰለኝ።

«ሁለቱ ክፍሎች ያምራሉ» አለ መሪው። «ሰው ገብቶባቸው ደስ ይለዋል። ሦስተኛው ክፍል ግን ከሁለቱ ጋር አይሄድም። ከኋላ የተለጠፈ ነው የሚመስለው።»

እውነቱን ነው አልኩ በልቤ፤ የተለጠፈ ነው። በሩ በየት በኩል እንደሆነ አይታወቅም አለ። ያም እውነት ነው። ውስጡ አየር የለም፣ ሰው እዚያ አሥራ አንድ ደቂቃ ቢቀመጥ ይታፈናል አለ። መስኮት ስለሌለው ነው፤ እኔም ሁልጊዜ እለው ነበር። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዚያ ቀን ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዲገጥማቸው አልፈልግም፣ ሦስተኛው ክፍል መውጣት አለበት አለ።

«ሦስተኛው ከወጣ ሁለቱም ይወጣሉ» አለች እናቴ። «እኔም አብሬ እወጣለሁ፣ ጋሼ።»

በሙዚቃ ድርሰት ውስጥም ክፍል የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። የእናቴ ሥራ ሦስት ክፍል ነበረው። ሁለቱ ሰው የለመደው ዓይነት ናቸው፤ ዜማ አላቸው፣ ይነሳሉ ይወድቃሉ። ሦስተኛው ዜማ የለውም። ታች ባሶቹ፣ ሰው የሚያህሉት ባለ ገመድ መሣሪያዎች፣ በመዳፍ እየተሻሹ እንደ ማሽን ያጉረመርማሉ፤ ላይ ቫዮሊኖቹና ቪዮላዎቹ የአያቴን ፉጨት ይይዛሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየተዉ እየተዉ መጨረሻ ላይ ፉጨቱ ብቻውን ይቀራል። ምት የሚባል ነገርም የለውም። እያንዳንዱ ተጫዋች መድረኩ ላይ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት እያየ በደቂቃና በሰከንድ ነው የሚገባና የሚወጣው። መሪ አያስፈልገውም። መሪው ያን ቀን በምሬት፣ እኔ ታዲያ እዚያ ቆሜ ምን ልሥራ፣ ዝንብ ላባር ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር፤ እኔ ግን ስለ አያቴ ክፍል ዝንቦች ነው ብዬ አለፍኩት። ሰው አዳራሽ የሚመጣው ቀኑን ሙሉ ሲሰማ የዋለውን ጩኸት ለመርሳት ነው ይላል እሱ። እሷ ደግሞ ዛሬ እንደ ለስላሳ የሚጠጡት የድሮዎቹ ሥራዎች በጊዜያቸው ጆሮ ያቆስሉ ነበር፣ የእኛ ዘመን ድምፅ ምን በደለና በር ይዘጋበታል ትላለች። ይህን ሁሉ ያወሩት እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ እያለ ነው። የቀረልኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አያቴን ሊያስወጡት ነው።

ለምን ብዬ አሰብኩ። መልሱ ግልጽ ነበር። ቪዮላውን ስለነከሰ ነው።

በሩን ከፍቼ ወጣሁና መሪው ፊት ቆምኩ። «ጋሼ፣ ቪዮላውን የነከስኩት እኔ ነኝ። አያቴ አይደለም» አልኩት።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። መሪው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ልጅ የሚቀልድ መስሎታል። ከዚያ የእናቴን ፊት አየ። ቪዮላው የእሷ አልነበረም፤ የኦርኬስትራው ንብረት ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ሁላችን ዕድሜ ተደምሮም የሚበልጥ። ከሳጥኑ አወጣውና ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ጠምዛዛው ራስ ላይ አራት የጥርስ ጉድጓድ አለ፤ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች። ለረጅም ጊዜ በአውራ ጣቱ ሲዳስሳቸው ቆየ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ አፍሽን ክፈቺ፣ ሚጣዬ» አለኝ።

ከፈትኩ። በዚያ ወር ሁለቱም የላይ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበር።

አልተቆጣም። ቪዮላውን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው፤ ሰኞ ለዕቃ ቤት እንድታስረክብ ነገራትና ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። እኔ ቅጣቴን ልቀበል ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እናቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ለምን እንደዋሸሁ ጠየቀችኝ።

«ሦስተኛው ክፍል እንዳይወጣ» አልኳት።

ምን እንደነካት ያኔ አልገባኝም። ጎትታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችኝና ፊቷን አንገቴ ሥር ቀብራ ቆየች፤ አንገቴ ረጠበ። እኔም አያቴን ስላዳንኩት ነው ብዬ ኮራሁ። በዚያ ቀን ደብተር ላይ ለአያቴ የጻፈችው ይህ ነው፤ «ልጄ ገባት። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ገባት። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ ግን አልገባውም።» በዓለም ላይ ለሥራዋ የቆመላት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ መሆኔን ለሰው ሁሉ ስታወራ ኖረች። እውነቱን የነገርኳት ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ወንበሯን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። በንብረት ላይ ስለደረሰው ጉዳት ተጣርቶ እስኪወሰን ድረስ እናቴ ከሥራ ታግዳለች ይላል። ከደብዳቤው ቀጥሎ እትዬ ጢኖ መጣች። እትዬ ጢኖ የእናቴ የልብ ጓደኛ ናት፤ ኦርኬስትራው ውስጥ ትልቁን ባስ የምትጫወት፣ ከባሷ በአንድ ክንድ የምታጥር ሴት ናት፤ ስሙን ያወጡላት የኦርኬስትራው ባልደረቦቿ ናቸው። ከመሪው የቃል መልእክት ይዛ ነበር። ሦስተኛውን ክፍል ካወጣሽው ቪዮላው በጸጥታ ለጠጋኙ ይሰጣል፣ ጉዳዩም እዚሁ ይሞታል ብሏል አለች። ይህን ስትናገር ወለሉን እንጂ እናቴን አታይም ነበር።

እናቴ ተነስታ ወደ አያቴ ክፍል ሄደች። እኔም ተከትዬ በሩ ጋ ቆምኩ። እሷ ትጽፋለች፤ እሱ ያነባል። እኔ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፤

«ተዪው… ተዪው እልሻለሁ… እኔ ምን ይጎድልብኛል?… ለእኔ ብለሽ ከሥራሽ አትውጪ፣ ልጄ። ይውጣ።»

አያቴ ከክፍሉ ለመውጣት እየተስማማ ነው ብዬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እናቴ ደብተሩን ተቀብላ ረጅም ጻፈች፤ እርሳሷ ወረቀቱን ሊቀድ ደርሶ ነበር። አያቴ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንደማያውቃት ሰው አያት። «እንግዲያስ እንዳሻሽ» አለ።

ያን ቀን ከእኛ ጋር እንዲኖር ለምናው እሺ አለ ብዬ ተረዳሁ። ሃያ ዓመት ሙሉም እናቴ ለአባቷ ስትል ሥራዋን አሳልፋ ሰጠች እያልኩ ሳወራ ኖርኩ፤ ለትዳር ለጠየቀኝ ሰው ሳይቀር እንደ ቤተሰብ ኩራት ተርኬለታለሁ። አያቴ ሞቶ ደብተሮቹን ስከፍት ያ ገጽ እንዲህ ይላል፤

«ለአንተ ብዬ ነው ያለህ ማነው፣ አባዬ? ፉጨቱን ከአንተ ወሰድኩት እንጂ አሁን የአንተ አይደለም። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። የማላወጣው ጥሩ ስለሆነ ነው።»

መጀመሪያ ስለ አያቴ ቅር አለኝ። ሰው ከሥራ የሚያስወጣ ነገር ለአባቱ ሲል ቢያደርገው ያምራል፤ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ፉጨት ብሎ ሲያደርገው ምን ይባላል? አሁን ደብተሩን ስከፍት ያን ገጽ ቀድሜ የማነበው እኔው ነኝ።

አዳራሹ የተከፈተው እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እናቴ የኦርኬስትራውን ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። የማትጫወቺ ከሆነ ለምን ትለብሽዋለሽ ብላት፣ ሥራ ላይ ስለምሆን ነው አለችኝ። መቀመጫችን ሰገነቱ ላይ ነበር፤ አያቴ በመካከላችን፣ ፋብሪካው የጡረታ ቀን የሰጠውን ኮት ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘርግቶ። መግቢያው ላይ የፕሮግራም ወረቀት ተሰጠን። የእናቴ ስም አለ፤ ከሥሩ «አንደኛ ክፍል»፣ «ሁለተኛ ክፍል» ይላል። «ሦስተኛ ክፍል» የሚለው ግን እናቴ ሳትስማማ በማስመሪያ ቀጥ ተደርጎ በጥቁር ቀለም ተሰርዟል። ከአጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ወረቀት አየሁ፤ የእሱም ተሰርዟል። አያቴ እንደሚባረር ለከተማው ሁሉ ተነግሯል ማለት ነው። እጁን ግጥም አድርጌ ያዝኩ።

ሁለቱ ክፍሎች በእርግጥ ያምሩ ነበር። ሰው አጨበጨበ። መሪው ጎንበስ ቀና አለ፣ ወደ ሰገነቱም አንዴ ዓይኑን ጣል አደረገ፣ ከዚያ በጎን በር ወጣ። ተጫዋቾቹ ተነሱ። ሰውም ኮቱን መፈለግ ጀመረ።

እትዬ ጢኖ አልተነሳችም። ከባሷ ጀርባ አጎንብሳ ከወንበሯ ሥር ወረቀት አወጣች፤ የሦስተኛው ክፍል ኖታ እንዲመለስ ሲታዘዝ የእሷን ሳትመልስ ቀርታለች። ወረቀቱን ዘረጋች፣ ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና አለች፣ ጠበቀች። ከዚያ መዳፏን በባሱ ሆድ ላይ ማሻሸት ጀመረች።

ቆመው የነበሩት ተጫዋቾች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ መሣሪያውን ይዞ በፍጥነት ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ጥቂቶቹ ግን ተመልሰው ተቀመጡ፤ አንዲት ቫዮሊን የምትጫወት ነፍሰ ጡር፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ጥሩምባውን ለመጥረግ የቆየ የመሰለ ሽማግሌ። ከሌሎቹና ከእትዬ ጢኖ ጋር ዘጠኝ ሰው። እኔ ፕሮግራሙ ማለቁን ያልሰሙ መሰሉኝና አፈርኩላቸው። ኖታ ያልነበራቸው ከጎናቸው ካለው ሰው ላይ ያነቡ ነበር። ከዚያ ፉጨቱ ገባ፤ በጓሮ በኩል የሰማሁት፣ እንደ መርፌ የቀጠነው።

አንድ ሰው ማይክራፎኑ ተበላሽቷል ብሎ ጮኸ። ከኋላ ተሳቀ። ወንበሮች እየተንኳኩ ታጠፉ፤ ሰው በገፍ ወደ በሩ ሄደ። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ የአዳራሹ መብራት በሙሉ ጠፋ።

መሪው ያጠፋባቸው መሰለኝ፤ ለዓመታትም ጠላሁት። ያጠፋው የአዳራሹ ዘበኛ ነው። የወረቀቱ ፕሮግራም አልቋል፣ ሰው ወጥቷል፣ እንደ ወትሮው ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫነ፤ ማንም አላዘዘውም። መሪው የነበረበትን ያወቅሁት ደግሞ ካረጀ በኋላ ጆሮውን ለመለካት እኔ ጋ ሲመጣ ነው። በጎን በሩ መጋረጃ ጀርባ እስከ መጨረሻው ቆሞ ነበር። ዛሬም አልወደድኩትም አለኝ፤ ግን አልሄድኩም።

በግማሽ ጨለማው ውስጥ እጅና ወረቀት በጭላንጭል ይለያል፤ የግድግዳው ሰዓት ግን አይታይም። ሥራው ደግሞ ያለ ሰዓት አይሄድም። ድምፁ መንገዳገድ ሲጀምር ሰማሁት፤ አንዱ ቀድሞ ተወ፣ አንዱ ዘግይቶ ገባ። ያኔ እናቴ ከአያቴ ጎን ተነሳች። ከሰገነቱ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት የምትገባ የቀን ብርሃን ነበረች፤ የእጅ ሰዓቷን ወደዚያ ብርሃን አዞረች።

«ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ» አለች።

ጩኸት አልነበረም። ገበያ ውስጥ ልጇን እንደምትጠራ እናት ያለ፣ ሁሉም ጋ የሚደርስ ድምፅ ነው። «አራት ደቂቃ።» ፉጨቱ ቀና አለ። «አራት ከሃያ።» ሁለተኛው ባስ ገባ።

ቤት ውስጥ ተደብቄ አልወጣም ስል እስከ ሦስት እቆጥራለሁ ትለኝ ነበር። አሁንም ሰዎቹን ነው የምትቆጥርባቸው አልኩ፤ ቆጥራ ስትጨርስ ቅጣት አለ፣ ለዚህ ነው የሚሮጡት። በር ላይ ከደረሱት አንዳንዶቹ በእርግጥ ዞር ብለው ወደ ሰገነቱ ያዩ ነበር። አንዲት ሴት እናቴን ስድ ብላ ሰደበቻት። እናቴ «ስድስት ደቂቃ ከአሥር» አለች።

ለዚያ ቆጠራ የከፈለችውን በሚቀጥለው ረቡዕ ከሥራ ስትባረር አወቅን። በሥርዓት አልባነት ይላል ደብዳቤው፤ የጥርሱን ነገር ጭራሽ አያነሳም። አሥራ አራት ዓመት በከተማው ውስጥ አንድም ኦርኬስትራ ሥራዋን አልተጫወተም። ሌላ ሰው ጋራዥ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ቫዮሊን እያስተማረች ኖረች፤ በእነዚያ ዓመታትም ስድስት ሥራ ጻፈች፤ አንዱም ከዚያኛው የለሰለሰ አይደለም። ዛሬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት መሪ ሦስተኛውን ክፍል ትንሽ ቢያሳጥሩልኝ ብሎ በትሕትና ጻፈላት። በፖስታ ካርድ «አሥራ አንድ ደቂቃ» ብላ መለሰችለት፤ ሌላ ቃል የለበትም።

«ዘጠኝ ደቂቃ።» ባሶቹ ተዉ። ማሽኑ የቆመ ያህል አዳራሹ ሰፋ። «ዘጠኝ ከአርባ።» ወንድማማቾቹ ተዉ። እናቴ ቆማ፣ በአንድ እጇ የሰገነቱን ብረት ይዛ ትቆጥራለች። አያቴ ታች ያሉትን ሰዎች እጅ እያየ ነበር፤ የማን ቀስት እንደቆመ፣ የማን እንደሚሄድ። «አሥር ከሃምሳ» ስትል የቀረችው ነፍሰ ጡሯ ብቻ ናት፤ ቀስቷ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። አዳራሹ ባዶ የቀረ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ጢኖ በኋላ ቆጥረናል አለችኝ፤ አርባ ሦስት ሰው ተቀምጦ ነበር።

«አሥራ አንድ» አለች እናቴ።

ቀስቱ ቆመ። ማንም አልተነቃነቀም፤ ማለቁንም አለማለቁንም የሚያውቅ የለም። ፉጨቱ ጆሮዬ ውስጥ ቀጥሎ ነበር ወይስ እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ ዛሬም በሥራዬ ልለየው አልችልም። በዚያ ጸጥታ መሃል አያቴ፣ የራሱን ድምፅ ልክ የማያውቀው ሰውዬ፣ ወደ እናቴ ዞሮ ጠየቃት።

«አለቀ?»

ጣሪያው ድረስ አስተጋባ። አርባ ሦስቱም ሰው፣ ዘጠኙም ተጫዋች፣ ፊታቸውን ወደ ሰገነቱ አነሱ። እናቴ ደብተር አልያዘችም። አባቷን ቁልቁል አየችውና፣ ሁሉም እንዲያያት አድርጋ፣ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

እኔም ገና የሚቀር መስሎኝ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ፣ እግሬን ወንበሩ ላይ አጥፌ ደህና አድርጌ ተቀመጥኩ።